ትኩሳቱ የወረደ ዕለት

ልጄ ለቅሶ ቤት በተቀመጡት ሴቶች ፊት ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ «ይደር ያለችኝ እሷ ናት» አለች።

ሴቶቹ መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ የተቀመጡበትን ምንጣፍ አዩ። አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔ ከሽንፋ ተነስቼ፣ ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና፣ ግማሹን በጭቃ ውስጥ በእግሬ ተጉዤ ገና መድረሴ ነበር። የዋልካውን ጭቃ ጫማዬ ላይ እንደተሸከምኩ ነበር። የልጅ ልጄን ቀብረው ጨርሰዋል። ለሕፃን ብዙ አይለቀስም ይባላል፤ ሴቶቹም ቡና እንኳ ሳይጠብቁ ሊበተኑ እየተቁነጠነጡ ነበር። ልጄ ያን ስትናገር ግን ሁሉም ተመልሰው ተቀመጡ።

«አላልኩም» ልል አፌን ከፈትኩ።

ከልጄ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ባሏ ቆሟል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ነው። ያን ዕለት ስንነጋገር ስልኩን የያዘው እሱ ነበር፤ እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። አየሁት። እሱ ግን አንገቱን ደፋ። ልጄን ደግሜ አየሁ። ጡቷ ወተት ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል፤ የሚጠባው የለም። እሷ ግን ርጥበቱን ልብ ያለችው አይመስልም። አፌን ዘጋሁ።

ስለ ራሴ ልንገራችሁ፤ ፈሪ ነኝ። ይህን ለመናገር አላፍርም፣ ሽንፋ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዝናብ ኖረ አልኖረ አጎበሬን ሳልዘረጋ አልተኛም። ጫማ ከማድረጌ በፊት ጊንጥ እንዳይኖርበት ሁለቴ አራግፋለሁ። ልጄ አግብታ ከገለጉ ወዲያ ካለች የገጠር ቀበሌ ከገባች ጀምሮ በየማለዳው ካልደወልኩላት እህል አይወርድልኝም። የምሠራው ሰሊጥ መጋዘን ነው፤ ከሴቶች ጋር ተደርድረን ሰሊጥ እናበጥራለን፣ ጠጠርና ገለባውን እንለያለን። እዚያ አንዲት የወሎ ሴት አለች፣ ጓደኛዬ ናት፣ ቀኑን ሙሉ እኔን መተረብ ሥራዋ ነው።

«አቦ፣ ይችን ሴትዮ ጋኔን አያስፈራትም» ትላለች ለሌሎቹ። «እሷን የሚያስፈራት ጉንፋን ነው!»

ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። የፈሪ እናት አታለቅስም ይባል የለ። ፈሪዋ እናቲቱ ራሷ ስትሆን ግን ምን እንደሚባል አላውቅም።

ፍርሃቴ ከሜዳ አልመጣም። ባለቤቴ ልጃችን ገና ትንሽ ሳለች አብርሃ ጅራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። አንቀጠቀጠው፣ ነደደ፣ ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ላብ አጠመቀው። እኛ ቆላ የምንኖር ሰዎች ላብ ስናይ «ለቀቀው» እንላለን። የታመመው ይነሳል፣ ምግብ ይጠይቃል፣ ጎረቤት «እሰይ» ይላል። ባለቤቴም ተነሳ፣ በላ፣ እየሳቀ «ለቀቀኝ፣ አጨዳው ሳያልቅ ልድረስ» ብሎ በዚያው ቀን በጭነት መኪና ሄደ። የተመለሰው በሰው ትከሻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ላብ አላምንም። ላቡ ወባው ትንፋሽ የሚሰበስብበት ነው የሚመስለኝ። ይህን ለልጄ እያሳደግኳት ነግሬያታለሁ፣ ከመጠን በላይ ነግሬያታለሁ። ብዙ ጊዜ የተነገረ ነገር ደግሞ ጆሮ ይለምደዋል። አባቷ እንዴት እንደሞተ ስጀምር እሷ ትጨርሰው ነበር፤ «አዎ እማ፣ ላብ አላበው፣ ሳቀ፣ ሄደ።» በእኔ አፍ ሞት የነበረው በእሷ አፍ ተረት ሆነ።

አሁን ያን ዕለት የሆነውን በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

ወሩ መስከረም ነበር፤ ትምህርት ተከፍቷል፣ ዝናቡ ግን ገና አልወጣም። ልጄ ያለችበት ቀበሌ ኔትወርክ የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ባንዲራ የሚሰቀልበት ግንድ አጠገብ። ማለዳ ማለዳ ልጄ እዚያ ቆማ ስልኬን ትጠብቃለች፤ ከዚያ ሰዓት ውጭ ራሳቸው ከደወሉልኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ከምሳ በኋላ ልብስ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ።

«እማ፣ ትንሿ ተኩሷታል» አለች ልጄ። ሕፃኗን ታቅፋ ስለነበር ስልኩን ባሏ ድምፁን ከፍቶ ይዞላታል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት። ጡትም እምቢ ብላለች።»

«ውሰጃት። አሁን ውሰጃት።»

«አንች ደግሞ! ገና ምኑም ሳይታወቅ። ለማስነጠስም ሐኪም ቤት ነው የምትይው።»

«ለማስነጠስ ብያለሁ፣ ለዚህም እላለሁ። ወደ ገለጉ የሚሄድ ነገር የለም?»

አማቼ ከጎን ገባ። «የእርሻው ትራክተር አለ፣ እናቴ። ናፍጣ ሊያመጣ ተሳቢውን ቀጥሎ ሊወጣ ነው።»

«ሰማዩስ እንዴት ነው?»

«ጠቁሯል።»

«እንግዲያ ሳይዘንብ ውጡ።»

እሺ አሉኝ። ልብሱን መታጠቢያው ላይ እንደተዘፈዘፈ ትቼ በር ላይ ተቀመጥኩ። ትራክተሩ መቼ እንደሚነሳ፣ ወንዙን መቼ እንደሚሻገር፣ ገለጉ ጤና ጣቢያ መቼ እንደሚደርሱ በሐሳቤ እየተከተልኳቸው ነበር። በሐሳቤ ወንዙን አሻግሬያቸው ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደገና ተደወለ።

«እማ!» ልጄ እየሳቀች ነበር። «ወረደላት! ያን ባለፈው ጊዜ የተረፈውን የትኩሳት ሽሮፕ ሰጠኋት፣ ላብ በላብ ሆነች። ይኸው አሁን የአባቷን ጺም እየጎተተች ነው። ስሚያት!»

ስልኩን ወደ ሕፃኗ አስጠጉት። ሳቋን ሰማሁት። እንደ ርግብ ጉሮሮ ግርግር የሚል ሳቅ ነበራት።

«ተመስገን» አልኩ። ይህን ብያለሁ። አልክድም።

ቀጥዬ ግን «ቢሆንም ሂጂ» አልኩ። «ላብ አትመኝ። አባትሽንም አልቦት ነበር።»

«እማ፣ በናትሽ ዛሬ እንኳ አባባን አታንሽብኝ። ልጄ እየሳቀች ነው እኮ!»

«ትራክተሩስ?»

«ዘግይቶ አሁን ገና ሊነሳ ነው። ግን ማካፋት ጀምሯል። ገና ላብ ያላባትን ልጅ በክፍት ተሳቢ ላይ ዝናብ ላስደበድባት? ብርዱ ይገድላታል። ይደር። ነገ ጠዋት እንወስዳታለን።»

«አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት አማቼን።

«ይሻላታል መሰለኝ፣ እናቴ» አለ። ድምፁ ውስጥም ሳቅ ነበር፤ ጺሙ እየተጎተተ ነው።

«እኔ ሂዱ ነው የምለው» አልኩ። «ብርድ ልብስ ደርቡላትና ሂዱ።»

«እሺ በቃ፣ እናያለን» አለች ልጄ። ስልኩ ተዘጋ።

እንግዲህ የተባለው ይኸው ነው። ከዚህ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም።

ግን ስለ ልቤም እውነቱን ልናገር። አፌ «ሂዱ» እያለ ልቤ ቦታው ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ተነስቼ ልብሴን አጥቤ ጨረስኩ፣ አሰጣሁ። የበላሁት እራትም ጣፈጠኝ። እኔ፣ ላብ የማላምነው ሴት፣ በአንዲት ሳቅ ተረታሁ። ስለዚህ በልጄ ላይ መፍረድ አልችልም። ሰው ፈሪን «ፍርሃት አእምሮውን ጋረደበት» ይለዋል፤ ይሆናል፣ እኔም በፍርሃት ብዙ የማይረባ ነገር አስቤያለሁ። ነገር ግን ፍርሃት ጥያቄ ያበዛብሻል እንጂ መጠየቅ አያስተውሽም። መጠየቅ የሚያስተውሽ እፎይታ ነው። ልጄ ያን ሰዓት ሞኝ አልነበረችም። ዝናቡም እውነት ነበር፣ ተሳቢው ክፍት መሆኑም እውነት ነበር፣ ሕፃን በብርድ መጎዳቷም እውነት ነው። ሁሉንም በትክክል አስባዋለች። ደስታዋ ግን አስቀድሞ ፈርዶ ስለነበር ምክንያቶቹ በኋላ መጥተው ተሰለፉለት።

ሌሊት ትኩሳቱ ተመለሰ፤ አንቀጠቀጣት። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ሲነጋ አባቷ በጋቢ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አሰራትና ከሁለት ጎረቤት ጋር በእግር ወጡ፤ እናቷ ከኋላ ትከተላለች። ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ አሉ። እዚያው ዳር ላይ ነው ያለቀችው። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

ወደ ለቅሶው ልመለስ። ሴቶቹ ከተበተኑ በኋላ አማቼ ወደ ቤቱ ጓሮ ተከትሎኝ መጣ። ዐይኖቹ አብጠዋል።

«እናቴ፣ እኔ እነግራታለሁ» አለ። «እንዲህ አይሆንም። አንቱ ሂዱ ነው ያሉት፣ ሰምቻለሁ።»

«ምን ብለህ ትነግራታለህ?»

«እውነቱን ነዋ።»

«እውነቱን ከነገርካት፣ ይደር ያለው ማን ይሆናል?»

«እኔም ነበርኩበት» አለ። «ይሻላታል ያልኩት እኔም ነኝ።»

«አንተን አልከሰሰችህም። ከአንተ ጋር ልትኖር ነው። ከራሷም ጋር ልትኖር ነው። ከእኔ ጋር ግን አትኖርም፣ እኔ ያለሁት ሽንፋ ነው። ተወው።»

«ይኸማ ፍርድ አይደለም።»

«ፍርድ ማን ጠየቀህ?»

እጄን ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገው፤ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ልጄ ከቤት ውስጥ ሆና እያየችን እንደሆነ ተሰምቶኝ ነበርና እጄን ቀስ ብዬ ወሰድኩ።

ስሄድ ልጄ አልሸኘችኝም። በሩ ላይ ቆሜ «በይ ልጄ፣ ሄድኩ» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች «መንገዱ ጭቃ ነው» አለች። ደህና ሁኚ ማለቷ ይሁን፣ ለምን ቀድመሽ አልደረስሽም ማለቷ ይሁን አልገባኝም።

ሽንፋ ተመልሼ ወደ መጋዘኔ ገባሁ። አዲሱ ሰሊጥ ይገባ ጀመር፤ መኪናው አራግፎ ሲሄድ ሌላው ይቆማል። በየማለዳው እደውላለሁ፣ ልጄ አታነሳም። ባሏ አልፎ አልፎ ብቻውን ሆኖ ያነሳል፤ «ደህና ናት፣ እናቴ። ትበላለች» ይለኛል። ከዚህ ሌላ የሚለው የለውም።

ሰው ይህን ሲያነብ እኔ ቻይ፣ ሆደ ሰፊ ሴት የሆንኩ ይመስለው ይሆናል። አይደለም። ተናድጄ ነበር። ወንፊቱን እያወዛወዝኩ ከልጄ ጋር በልቤ እሟገታለሁ። «አላልኩሽም? ሁለቴ አላልኩሽም? የሳቅሽብኝ አንች አይደለሽም?» ሙግቱን ሁልጊዜ እረታለሁ። በረታሁ ቁጥር ደግሞ የሕፃኗ ሳቅ ይመጣና ወንፊቱ በእጄ ይቆማል። አንድ ቀን የወሎዋ ጓደኛዬ ወንፊቱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አብሽሪ እንጂ! ሰሊጡ ምን አደረገሽ?»

አየሁት። ጠጠሩን ወንፊት ላይ ትቼ ጥሩውን ሰሊጥ ከገለባው ጋር መሬት ስደፋ ቆይቻለሁ። ሌሎቹ ሴቶች አይተው ዝም ብለዋል። ያን ቀን ለእሷ ብቻ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት።

«እኔ ብሆን እውነቱን ግንባሯ ላይ እለጥፍላት ነበር» አለች።

«ለጥፈሽ ምን ታገኛለሽ?»

«እንቅልፍ!»

«እሷስ?»

«እሷማ…» ብላ ጀመረችና ወንፊቱን አንስታ የደፋሁትን ሰሊጥ መልቀም ጀመረች። «አላህ ይሁናት» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ተርባኝ አታውቅም። ተረቧ ናፈቀኝ።

ሌላም ነገር ደረሰብኝ፤ ይኼኛውን ለማንም አልተናገርኩም። ወራት ሲያልፉ የገዛ ራሴን ቃል መጠራጠር ጀመርኩ። «ተመስገን» ያልኩበት ድምፅ በጆሮዬ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግን እየደበዘዘ ሄደ። አንዳንድ ቀን እንጀራ ላይ ወጥ እያወጣሁ፣ በራሴ ድምፅ፣ «ተመስገን። ይደር» ሲባል እሰማለሁ። ልጄ እንዲህ እርግጠኛ ከሆነች ብዬ አስባለሁ። የወለድኳት ልጅ፣ ዋሽታ የማታውቅ ልጅ፣ በሰው ፊት እንዲህ ከተናገረች ምናልባት ብዬ ይሆናል። አንድ ቀን መታገሥ አቅቶኝ ለአማቼ ደወልኩ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ አታባብለኝ። ይደር ብያለሁ እንዴ?»

«አላሉም፣ እናቴ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ብርድ ልብስ ደርቡላትና ሂዱ ነው ያሉት።»

ብርድ ልብሱን ረስቼው ነበር። እሱ ሲያነሳው ትዝ አለኝ፤ የቱን ብርድ ልብስ እንዳሰብኩ ሁሉ ትዝ አለኝ፣ እኔ ከመተማ ገበያ የገዛሁላትን ቀዩን። በር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እኔ፣ የሆነውን የማውቀው ሴት፣ በወራት ሐዘን ይህን ያህል ከተሳሳትኩ፣ ልጇን በክንዷ ይዛ ወንዝ ዳር የተቀመጠችው እንዴት አትሳሳት? ልጄ አልዋሸችም። ውሸት የሚሉት እያወቁ ሲናገሩት ነው። ልቧ «ይደር» የሚለውን ቃል ብቻውን መሸከም አቃተው፤ ቅርብ ያገኘው ትከሻ ላይ አስቀመጠው። እናት ደግሞ ሁልጊዜ ቅርብ ናት።

ይህን ስጽፍ የማንንም ስም አልጠራሁም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ልጄ ስታጠና አጠገቧ እየተቀመጥኩ ነው። ይህ ጽሑፍ አንድ ቀን እጇ ቢገባ ያለ ስምም ታውቀዋለች። መሸከም በምትችልበት ጊዜ እንድታገኘው ብቻ ነው የምለምነው። ቀድሞ እንዳይደርሳት ብዬ ልተወው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ እውነቱ ከእኔ ጋር እንዳይቀበር ብዬ ደግሞ እጽፈዋለሁ።

የበጋው ሙቀት ሲጠና አማቼ ደወለ።

«እናቴ፣ አርግዛለች።»

ተመስገን ልል ነበር። ምላሴን ያዝኩት። ከዚያ ቃል ጋር ገና አልታረቅንም።

«ገፍቷል» አለ። «ወላጅ እናቴ ዘንድ፣ ጎጃም ልወስዳት ነው። እዚያ ትውለድ ብለናል።»

ሴት ልጅ እናቷ ቤት ነው የምትወልደው። ያችኛዋን የወለደቻት እኔ ቤት፣ እኔ አልጋ ላይ ነበር። ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ፤ ያራስኳት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ እሱም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ድምፁ የተሰበረው።

«ደግ አደረጋችሁ» አልኩ። «ደጋ ነው፣ ወባ የለም።»

«መኪናው ዛሬ ሽንፋ ለምሳ ይቆማል። እንዳልነገርኩዎ ይሁኑ።»

ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ሽርጧን አራገፈች። «ዛሬ ካልነገርሻት መቼ ልትነግሪያት ነው? ጎጃም ሄዳ በባዳ እጅ ልትወልድ? ተነሽ! ነግረሻት ተቃቅፋችሁ አልቅሱና ልጅቷን ይዘሽ ግቢ።»

እውነት ለመናገር፣ ልነግራት ነው የሄድኩት። መንገድ ላይ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር። «ልጄ፣ ማንም አልበደለም። ዝናቡ ነው» ብዬ ልጀምር፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ልነግራት። ለመንገድ የሚሆን ሎሚ ገዝቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ። ልቤም አንድ ነገር ብቻ ይል ነበር፤ ከነገርኳት በኋላ ትወርዳለች፣ እኔ ቤት ትወልዳለች።

አይሱዙው አቧራ ለብሶ ቆሟል። ሾፌሩና ተሳፋሪዎቹ ምግብ ቤት ገብተዋል፣ አማቼም ውሃ ሊገዛ ሄዷል። ልጄን ጋቢና አስቀምጠዋታል። መስኮቱ ወርዷል። ጉንጯ ከስቶ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ዐይኗን ጨፍና ነበር።

«ልጄ» አልኩ ከታች ሆኜ።

ዐይኗን ገለጠች። አልደነገጠችም። «እሱ ነው የነገረሽ» አለች።

«ሎሚ አምጥቼልሻለሁ። ሊማሊሞ አይደለም እንጂ መንገዱ፣ ቢሆንም ያቅለሸልሻል። አሽትችው።»

እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ለረጅም ጊዜ ጣቷን አልነካሁም ነበር። ቀዝቅዟል፣ በዚያ ሙቀት።

«ገፍቷል» አልኩ።

«ይራገጣል።»

«መራገጡ ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው ይላሉ።»

ከምግብ ቤቱ የሱዳን ዘፈን ይሰማል። ያዘጋጀሁት ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ «ማንም አልበደለም» ልል ትንፋሽ ስወስድ ቀደመችኝ።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቂኝ።»

«ያን ዕለት። ሁለተኛ ስንደውልልሽ።» አውራ ጣቷ የሎሚውን ልጣጭ እየቧጠጠ ነበር። «ይደር ብለሽኛል፣ አይደል?»

አየኋት። ያች በሰው ፊት ጣቷን የቀሰረችብኝ ልጅ አይደለችም። አሁን በዚያ ጣት ሎሚ ይዛለች፤ ሌላው እጇ ሆዷ ላይ ነው። ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊት ራሷን እንደጠየቀች ከዐይኗ ሥር ይታያል። ምናልባት እውነቱን ፈልጋ ነበር። ምናልባት «አላልኩም» ብላት ያ ሸክም ወድቆላት ትተነፍስ ነበር። ምናልባትም በዚያ ቃል ወንዙ ዳር ተመልሳ፣ ሆዷ ውስጥ ካለው ጋር፣ ትቀር ነበር። አስቤ መወሰን ነበረብኝ። አላሰብኩም። የባሏ እናት ቤት፣ በባዳ አልጋ፣ በምጥ ላይ ሆና «ልጄን የገደልኩ እኔ ነኝ» ስትል ታየኝና ፈራሁ።

«ብዬሻለሁ» አልኳት።

ዐይኗን ጨፈነች። ከደረቷ ረጅም ትንፋሽ ወጣ።

«አውቅ ነበር» አለች። «አንዳንዴ እኮ እኔ ያልኩት ይመስለኝና…»

«አንች አላልሽም።»

«እሱም ስጠይቀው ዝም ይለኛል። ለዚያ ነው።»

«ሐዘን ነው ዝም የሚያሰኘው። አንች አላልሽም፣ ልጄ።»

አለቀሰች። በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ። እኔ መስኮቱን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ ብረቱ ፀሐይ ጠጥቶ ያቃጥላል፣ አልለቀቅኩትም።

«ይቅር ልልሽ አስቤ ነበር» አለች እንባዋን ጠርጋ። «ከቤት ስወጣ፣ ሽንፋ ስንደርስ ወርጄ ይቅር እላታለሁ ብዬ ነበር። አልቻልኩም፣ እማ።»

«ግድ የለም። አትቸኩይ።»

«አልቻልኩም።»

«ገባኝ። መጀመሪያ በሰላም ውለጅ።»

ሾፌሩ ጥርሱን በእንጨት እየፋቀ መጣ። «እማማ፣ ልጅቷን ይልቀቋት እንጂ፣ ጎንደር ሳንደርስ ሊመሽብን ነው! ወይስ እርስዎም ይሳፈሩ?» ብሎ ሳቀ። አማቼ ውሃ ይዞ ደረሰ። የልጄን ፊት አየ፣ የእኔን አየ። ምን እንደተባለ ሳይጠይቀኝ አወቀው መሰለኝ። ጉንጬን ስሞኝ ወደ ላይ ወጣ።

«በዚህ ፀሐይ አትቁሚ» አለችኝ ልጄ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ እያየች ነበር።

«አልቆምም» አልኩና ቆምኩ።

መኪናው ተነሳ። አቧራው ሳይሸፍነው በፊት በጋቢናው መስኮት እጇ ወጥቶ አየሁ። እያውለበለበችልኝ ይሁን፣ ሙቀቱ ከብዷት ነፋስ እየፈለገች ይሁን ከዚያ ርቀት አይለይም። ጓደኛዬ መጋዘኑ በር ላይ ብቻዬን ስመጣ አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ሳትጠይቀኝ «አውለበለበችልኝ» አልኳት።